ልጄን በረዶ ላይ ይዞት ሊወጣ ነው

ደብዳቤው

ውድ አማካሪያችን፣ እንደምን ሰንብተሻል? የምጽፍልሽ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ቤት ውስጥ አቡሽ ነው የምንለው። አባቱ ወደ አሜሪካ ሲሄድ አቡሽ ገና ዳዴ እንኳ አላለም ነበር። አሁን ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። ከሄደ ወዲህ የመጣው አንዴ ብቻ ነው። አቡሽ 3 ዓመት ሲሆነው ለጥምቀት መጥቶ ሦስት ሳምንት ቆየ። ልጁ ሊለምደው ሲጀምር ተመልሶ ሄደ። አሁን ግን እግዜር ይመስገን፣ ፕሮሰሱ አልቆ ቪዛ ተመቶልናል። ለጥር መጀመሪያ ትኬት ተቆርጧል።

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ በቪዲዮ ደውሎ ለአቡሽ «ገና እንደመጣህ ሐይቅ ላይ ወጥተን ዓሣ እናጠምዳለን። ሐይቁ በረዶ ስለሆነ በላዩ ላይ ነው የምንሄደው» አለው። ልጁ በደስታ ጮቤ ረገጠ። እኔ ክው አልኩ። እሱ ራሱ አምና ሁለት ቀን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ከመውጣቱ በቀር ልምድ የለውም። «እኔም ጀማሪ ነኝ፣ አብረን እንማራለን» ይላል።

እውነቱን ልንገርሽ። ውሃ እፈራለሁ። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜን ክረምት ላይ ወንዙ መገጭ ሞልቶ ወሰደብን። ከዚያ ወዲህ በጥምቀት እንኳ የፋሲል መዋኛ ዳር አልቆምም። ለባለቤቴ «ልጄን በረዶ ላይ አታወጣውም» አልኩት። «ያንቺ ልጅ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ። ተጯጯህን። ስልኩን ዘጋሁበት። አራት ቀን ሆነን፣ ከሰላምታ ያለፈ አላወራንም። አማቴ «አባትና ልጅ መሀል አትግቢ» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «በረዶ ምኑ ይታመናል» ትላለች። አቡሽ በየቀኑ «ዓሣው መቼ ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ምን ላድርግ? ፈሪ ነኝ ወይስ ልክ ነኝ?

የአቡሽ እናት፣ ከአዘዞ

መልሱ

እህቴ፣ የአቡሽ እናት፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ይህን ሁሉ ዓመት በአብዛኛው በስልክ የተያየ ቤተሰብ አንድ ጣሪያ ሥር ሊገባ ነው። ጭቅጭቁ ሸፍኖት ሳትደሰቺበት እንዳትሄጂ ብዬ ነው ከዚህ የጀመርኩት።

ወንድምሽን ነፍስ ይማር። ደብዳቤሽን ሳነብ እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ። አንቺ «መገጭ ሞልቶ ወሰደብን» ብለሽ ወዲያው ወደ ባልሽ ጉዳይ ተሻገርሽ። ለእኔ ግን የደብዳቤሽ ዋና ነገር እዚያ ጋ ነው ያለው። ውሃ ወንድሟን የወሰደባት ሴት ልጇን ሐይቅ ላይ ሊያወጡባት ሲሉ ብትደነግጥ ፈሪ አትባልም። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ባልሽ ይህን ያውቃል? ነግረሽው ታውቂያለሽ? ወይስ ከመጋባታችሁ በፊት አንዴ ሰምቶት ቀስ በቀስ የረሳው ነገር ነው? «በረዶ ላይ አታወጣውም» ስትዪው እሱ የሰማው «አንተን አላምንም» የሚለውን ይመስለኛል። አንቺ ግን ያልሽው «ውሃ አንድ ልጅ ወስዶብናል፣ ሁለተኛ አልችልም» ነው። በዚህ ቃል ግን አልነገርሽውም።

እሱንም ትንሽ እንየው። ልጁ ዳዴ ሳይል ጥሎት የሄደ አባት ነው። የመጀመሪያ እርምጃውን በስልክ ነው ያየው። አሁን ሊመጣለት ነው። ምን አድርጎ ይቀበለው? ኳስ ቢገዛለት ኳስ እዚህም አለ። ስለዚህ እዚያ አገር ያየውን፣ ልጁን ያስደንቅልኛል ያለውን ትልቁን ነገር አወጣ። ሐይቅ ላይ መሄድ! ይህ ጎበዝ ለመምሰል ሳይሆን ልጁን ናፍቆ ያሰበው ነገር ነው። ስለዚህ «አይሆንም» ስትዪው የተከለከለው ዓሣ ማጥመድ ብቻ አይደለም። ለልጁ ያዘጋጀው ስጦታ ነው የተመለሰበት። ይህን የምልሽ አንቺን ጥፋተኛ ለማድረግ አይደለም፣ ለምን እንደዚያ እንደጮኸ እንዲገባሽ ነው።

አሁን ወደ በረዶው ልምጣ። እናትሽ «በረዶ ምኑ ይታመናል» ማለታቸው አይገርመኝም። እኛ ጎንደር ላይ በረዶ የምንለው ሐምሌ ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ነው። ልጆች ሆነን በሳህን ለቅመን አፋችን ውስጥ ስንከተው ሳንውጠው ይቀልጥ ነበር። አማርኛችን ከሰማይ ለሚወርደው ጠጠርም፣ እንደ ጥጥ ለሚረግፈውም፣ ሐይቅ ላይ ለሚጋገረውም ብዙውን ጊዜ የሚለው አንድ ቃል ነው። ባልሽ «በረዶ ላይ» ሲል በእናትሽ ዓይን የመጣው ያ ጠጠር ነው። እሱ የሚያወራው ግን ከአለት ስለማይለይ ነገር ነው።

ሚኒሶታ ከ4 ሄክታር የሚበልጡ 11 ሺህ 800 ያህል ሐይቆች አሏት። ክረምታቸው ሲከር ብርዱ የሐይቁን ፊት ያረጋዋል። ውሃ የሚረጋው ከላይ ወደታች ነው። ከሥሩ ያለው ውሃ አይረጋም፣ ታች ወለሉ ጋ 4 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይቆያል። ዓሦቹም እዚያው ይኖራሉ። ሰዎች በረዶውን በመሰርሰሪያ ይበሱና መንጠቆ ያወርዳሉ። አዲስና ጥርት ያለ በረዶ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሰው በእግሩ ሊሄድበት ይችላል ይላል የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት። 10 ሳንቲ ሜትር ማለት ከአንድ ጋት ትንሽ ይበልጣል። ነጣ ያለው፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈው በረዶና ውሃ ተቀላቅሎ የተጋገረው ግን ጥንካሬው የጥርቱ ግማሽ ብቻ ነው። እሱ ስንዝር ያህል፣ 20 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት።

አየሽ፣ መገጭን ያን ቀን ማንም አልለካላችሁም። ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ድንገት ደርሶ ይሆናል። የክረምት ወንዝ እንዲህ ነው፣ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ሐይቅ ላይ የተጋገረ በረዶ ግን እግር ሳይረግጠው በፊት ይበሳል፣ ይለካል፣ በቂ ካልሆነ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፍርሃትሽ ከወንዝ የተማረ ፍርሃት ነው። በረዶውን በወንዝ ብቻ እንዳትመዝኚው ብዬ ነው።

ይህን ስልሽ አደጋ የለውም እያልኩሽ አይደለም። ያው መሥሪያ ቤት ራሱ መቶ በመቶ አስተማማኝ የሚባል በረዶ የለም ይላል። አንድ ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው በረዶ ጥቂት እርምጃ ወዲያ ሲል ሊሳሳ ይችላል። ከሥሩ ምንጭ የሚፈልቅበት፣ ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ድልድይ ሥር ያለው በረዶ ደካማ ነው። በረዶውን የሸፈነ ጥጥ የመሰለ አመዳይ ደግሞ እንደ ጋቢ ሆኖ ብርዱን ስለሚከልል ከሥሩ ያለው ቶሎ አይወፍርም። ክረምቱም እንደ ዓመቱ ነው። በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ላይ ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ትልቅ ሐይቅ ላይ በረዶው ተገንጥሎ ከ100 በላይ አጥማጆች ከነበሩበት ተንሳፍፈው ቀርተው ነበር። በነፍስ አድን ሠራተኞች ወጡ። ያን ዓመት ክረምቱ ሞቆ ነበር። የምነግርሽ ልታስፈራሪው ሳይሆን ጥያቄሽ ቁም ነገር እንደሆነ እንድታውቂ ነው።

እንግዲህ እኔ ብሆን «አይሆንም» የሚለውን ቃል እተወዋለሁ። በምትኩ «እሺ፣ ግን በዚህ በዚህ» እላለሁ። ከ«ግን» በኋላ የምትጨምሪውን ነው አሁን አብረን የምናስበው።

የመጀመሪያው «ግን» ቀኑ ነው። አቡሽ ከአውሮፕላን ወርዶ በሳምንቱ ሐይቅ ላይ ባይቆም እመርጣለሁ። ይህን የምለው በበረዶው ምክንያት አይደለም። ልጁ አባቱን ይበልጥ የሚያውቀው በስልክ ነው። አዲስ ቤት፣ አዲስ ቋንቋ፣ ቀንና ሌሊቱ የተገለበጠበት አካል ይዞ ነው የሚመጣው። ጎንደር ላይ በጥር ቀን ቀን ከ25 ዲግሪ በላይ ነው። የሚኒሶታዋ ከተማ ሚኒያፖሊስ አካባቢ ደግሞ በጥር ቀን ከዜሮ በታች 5፣ ሌሊት ከዜሮ በታች 13 ገደማ ነው። ንፋሱ ሲጨመርበት ከዚያም ይብሳል። አንድ የ5 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ይልመድ ማለት ይከብዳል። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ እዚያ ብርድ ላይ ቢያለቅስ ወደ ማን እቅፍ ነው የሚሮጠው? ወደ አንቺ ነው። አባቱ ያን ቀን ልቡ ይሰበራል። ሦስት አራት ሳምንት ይቆይ። መጀመሪያ አባቱ ጫማ ያስርለት፣ ግቢ ውስጥ በረዶ ይጠፍጥፍለት፣ ማታ ተረት ይንገረው። የአባቱን እጅ ሳትነግሪው ራሱ የያዘ ቀን፣ ያኔ ሐይቁ ይታሰብ። እስከ የካቲት ድረስ በረዶው ብዙውን ጊዜ አይሄድም። መጋቢት ሲገባ ግን ቀን ቀን እየቀለጠ ስለሚሳሳ ያኔ ይቅርባችሁ።

በነገራችን ላይ ሚኒሶታ ውስጥ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ በሚውልበት የሳምንት መጨረሻ፣ ከ16 ዓመት በታች ልጅ ይዞ ለወጣ ነዋሪ ያለ ፈቃድ በረዶ ላይ ማጥመድ ይፈቀዳል። ልክ የእኛ የጥምቀት ሰሞን ነው። ባልሽ ይህን አስቦ ሊሆን ይችላል የቸኮለው። ለአቡሽ ግን ዘንድሮ ይፈጥንበታል፣ ለከርሞ ያዙት። በሌላ ጊዜ ለአባቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ለልጁ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው «ግን» አብሯቸው የሚወጣ ሰው ነው። «እኔም ጀማሪ ነኝ፣ አብረን እንማራለን» ማለቱ ደስ ይላል። ሆኖም ሁለት ጀማሪ፣ አንዱም የ5 ዓመት ልጅ፣ በረዶ ላይ ብቻቸውን መሆን የለባቸውም። ዓመታት የወጣ፣ ያን ሐይቅ የሚያውቅ ሰው ይኑር። ከእነዚያ አምና ከወሰዱት የሥራ ጓደኞቹ አንዱ ይበቃል። ሐይቁ አጠገብ ትል የሚሸጡ ሱቆችም አሉ። ባለቤቶቹ የትኛው ጥግ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደደረሰ በየቀኑ ያውቃሉ። ገብቶ መጠየቅ ነውር የለውም። ካልሲ ለመግዛት ገብቼ ብዙ ወሬ ይዤ ወጣሁ ያለኝም አለ።

እሱን ያነሳሁት ለዚህ መልስ ስል ሚኒሶታ የሚኖሩ ሁለት የጎንደር ልጆችን ደውዬ ስለጠየቅሁ ነው። አንደኛው የ6 ዓመት ልጁን ይዞ እንደወጣ ነገረኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ለመቀመጥ አስቦ ነበር። ሃያ ደቂቃ ቆዩ። «ልጁ መንጠቆውን ዞር ብሎ አላየውም» አለኝ። በረዶው ሲበሳ ቀዳዳው ውስጥ የበረዶ ፍርፋሪ ይሞላል። እሱን የሚያወጡበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጭልፋ አለ፣ ልክ እኛ ሳምቡሳ ከዘይት የምናወጣበት ዓይነት። ልጁ ያንን ጭልፋ ይዞ ፍርፋሪውን እያወጣ፣ እየከመረ፣ እንደገና እየመለሰ ተጫወተ። ከዚያ «ሻይ» አለ። ትኩስ ሻይ ጠጥተው ወደ ቤት ገቡ። «ዓሣ አልያዝንም። እስካሁን ግን ጭልፋዋ የት አለች ይለኛል» አለኝ። ባልሽ ይህን አስቀድሞ ቢሰማው ጥሩ ነው። ለአቡሽ የመጀመሪያው ቀን ዓሣ የመያዣ ቀን ላይሆን ይችላል። የጭልፋ ቀን ይሆናል። ያም ይበቃል።

ቀዳዳው አንቺንም ሳያስጨንቅሽ አይቀርም። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ስንዝር ገደማ በይው። ዙሪያው ነጭ፣ ውስጡ ጥቁር ውሃ ነው። የአቡሽ እግር ሊገባበት ይችላል። የረጠበ እግር ደግሞ በዚያ ብርድ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ የማያጠምዱበትን ቀዳዳ በባልዲ ይድፉበት ወይም ምልክት ይትከሉበት። ልጁም ቀዳዳ አጠገብ ሲሆን እንዲቀመጥ ይለመድ። ገልበጥ ያለች ባልዲ ጥሩ ወንበር ናት።

ለልጅ የሚሆነው ዘንግ አጭር ነው፣ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር። ትሉን አባቱ ይሰካለት። ብሉጊልና ፐርች የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ለልጅ ይመቻሉ፣ ዳር ዳር ጥልቀት በሌለው ቦታ ስለሚገኙ ወደ መሀል መግባት አያስፈልግም። ዓሣ ቢይዝስ? አቡሽ ዓሣ ሲፈራገጥ አይቶ ያውቃል? አንዳንድ ልጅ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። «እንመልሰው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካለሽ፣ አባቱ «ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ» እንዳይለው አደራ። ይመልሱት።

አሁን ስለ ልብስ። እዚህ ላይ ጎንደሬነታችን ያሳስተናል። ሲበርደን ጋቢ ነው የምናስበው። ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ የረጠበ ጥጥ ገላ ላይ ሲቀዘቅዝ ልጁን ያንቀጠቅጠዋል። የደጋ ሰው በርኖስ የሚለብሰው ያለ ነገር አይደለም፣ በርኖስ የበግ ፀጉር ነው። አቡሽ ገላው ላይ የሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ስስ ልብስ፣ በላዩ ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከዚያ ንፋስና ውሃ የማያስገባ ካፖርትና ሱሪ ይልበስ። እጁ ላይ ጣት ጣት ከተለየ ጓንት ይልቅ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ይሻለዋል። ካልሲ ሲደራረብ ጫማው እግሩን እንዳያጠብቀው፣ የተጨነቀ እግር ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቅያሪ ጓንትና ካልሲ በቦርሳ ይያዝ። የጣቱ ጫፍ ወይም የአፍንጫው ጫፍ ነጣ ብሎ ሰም ከመሰለ፣ ወይም ሲነኩት አይሰማኝም ካለ፣ ወዲያው ወደ ሙቀት ነው። ደግሞ ተጫዋች የነበረ ልጅ ዝም ሲል ተጠራጠሪ። ብርድ ልጅን ያደነዝዘዋል።

ብዙዎች ብርዱን ለመሸሽ ድንኳን ተክለው ውስጡ የጋዝ ማሞቂያ ያበራሉ። እዚህ ላይ ባልሽን በጥብቅ ጠይቂው። ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ዘግቶ መተኛት ምን እንደሚያመጣ እኛ ጎረቤት ሲያለቅስ አይተን እናውቃለን። የጋዙ ማሞቂያም ያው ነው። የሚወጣው መርዘኛ አየር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ይመስላል። ድንኳኑ አየር ማስገቢያ ይከፈትለት፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ የምትባለዋ ትንሽ ዕቃም ትኑራቸው። ለመጀመሪያው ቀን ግን ድንኳንም ባይኖር እመርጣለሁ። ግማሽ ሰዓት ነው የምትቆዩት። መኪናው ዳር ላይ ይቁም፣ በረዶ ላይ አይነዳ፣ ሲበርደው ሮጦ ይግባበት።

ሌላ ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ። በረዶው ይጮኻል። ሙቀቱ ሲለዋወጥ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያጓራል፣ አንዳንዴም ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ጧ ይላል። ወፍራም በረዶም እንዲህ ይጮኻል፣ ድምፁ ብቻውን ሊሰበር ነው ማለት አይደለም። ይህን ሳታውቂ ብትሰሚው ልጅሽን ነጥቀሽ ትሮጫለሽ። እሱም አንቺን አይቶ ዕድሜ ልኩን ይፈራዋል። አስቀድመሽ ለአቡሽ «ሐይቁ ሲንጠራራ ይጮኻል» በይው። ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይገባቸዋል።

ከዕቃ ሁሉ ሦስት ነገር ሳይኖር አይውጡ። ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ፣ ለልጁም ለአባቱም። በገመድ የተያያዙ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ ሁለት ሹል ብረቶች፣ ሰው ቢሰጥም በረዶውን ወግቶ ራሱን የሚጎትትባቸው ናቸው። አንድ ረጅም ገመድ። ባልሽ እነዚህ ካሉት ተመስገን ነው። ከሌሉት «እስክትገዛ እንጠብቅሃለን» በይው። አሁንም «አይሆንም» አላልሽም።

አንቺስ? አብረሻቸው ትወጫለሽ? ይህን ደጋግሜ አሰብኩበት። አንድ ልቤ «ትሂድ፣ በዓይኗ ትይ» ይላል። ሌላው ልቤ ደግሞ «የፋሲል መዋኛ ዳር መቆም ያልቻለች ሴት በረዶ ላይ ቁሚ አይባልም» ይላል። መልሱ ያንቺ ነው። መሀል ያለ መንገድ ግን አለ። ዳር ላይ፣ መኪናው ውስጥ፣ ሻይ ይዘሽ ተቀመጪ። እንዲያዩሽና እንድታያቸው ሆነሽ። አቡሽ ዞር ባለ ቁጥር እጅሽን ታውለበልቢለታለሽ። ባልሽ ላለመራቅ ቃል ይግባልሽ። ቀዳዳውንም ከዳሩ ብዙ ሳይርቅ ይብሳው። እግርሽ እሺ ያለ ቀን አንድ እርምጃ ትራመጃለሽ። እሺ ካላለም ማንም አያስገድድሽም።

ከመሄድሽ በፊት ደግሞ እዚሁ አንድ ነገር ብታደርጊ ደስ ይለኛል። መንገዱ ሰላም ከሆነ አቡሽን ይዘሽ ጎርጎራ ድረስ ውረጂ። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ ብትደርሺ አጥማጆች በደንገል ታንኳ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ወደ ዳር ሲመጡ ታገኛላችሁ። ልጁ ዓሣ በእጁ ይንካ። የአምባዛን ጢም ያየ ልጅ በቀላሉ አይረሳውም። ውሃው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ፣ ጣና ቢልሃርዚያ አለበት። አንቺም የፈለግሽውን ያህል ርቀሽ ቁሚ። ልጅሽ ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ እናቱ አጠገቡ ነበረች ማለት ነው። ከዚያ ፎቶ አንሺውና ለአባቱ ላኪለት። የሚቀጥለውን አባቱ በረዶው ላይ ይጀምረዋል። ስጦታው የሁለታችሁ ይሆናል።

አማትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። «አባትና ልጅ መሀል አትግቢ» ማለታቸው ልጃቸውን ናፍቀው ነው። ክርክር አትግጠሚ። «እማማ፣ ይወጣሉ፣ ቀኑን ነው የምንነጋገረው» ብትያቸው ይበቃቸዋል።

አሁን የቀረው ስልኩ ነው። አራት ቀን ሰላምታ ብቻ ረጅም ነው፣ በተለይ ለጉዞ ቀን ለሚቆጥሩ ሰዎች። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ደውዪለት፣ እሱ ጋ እኩለ ቀን ነው፣ ሥራ ከሌለው ተረጋግቶ ያወራሻል። ስለ በረዶ አትጀምሪ። የወንድምሽን ስም ጥሪለት። ያን ቀን ምን ለብሶ እንደነበር፣ ማን እንደነገረሽ፣ ከዚያ በኋላ ቤታችሁ እንዴት እንደሆነ የምታስታውሺውን ያህል ንገሪው። ካለቀስሽም አልቅሺ፣ ባልሽ ነው። ከዚያ «ልታወጣው ስላሰብክ ደስ ብሎኛል፣ ፈርቼ ነው የጮኽኩብህ» በይው። ሲረጋጋ ጠይቂው፦ የትኛው ሐይቅ ነው? ውፍረቱን ማን ይለካዋል? አብሯችሁ ማን ይወጣል? ላይፍ ጃኬቱ በአቡሽ ልክ ነው? የማያውቀው ካለ አጣርቶ ይደውልልሽ። ልጁን የሚወድ አባት እነዚህን ሲጠየቅ አይቆጣም ብዬ አምናለሁ።

እና አቡሽ ካልተኛ ስልኩን ስጪው። «ዓሣው መቼ ነው?» የሚለውን አባቱን ይጠይቀው።